ኮምፒዩተሮቻችንን ጡረታ ያወጣቸው ማነው?

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። በዚያን ዕለት ጠዋት ቢሮ ገብቶ ኮምፒዩተሩን የከፈተ ሰው እንደ ትናንቱ ተከፍቶለታል። ደብዳቤውን ጽፏል፣ አትሟል፣ ማታም ዘግቶ ወደ ቤቱ ሄዷል። አንድም ነገር አልተሰማውም። ነገር ግን በዚያችው ዕለት ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ "ዊንዶውስ 10"ን ከእንግዲህ አላውቀውም ብሎ በይፋ አሰናብቶታል። በዓለም ዙሪያ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች ሳይታመሙ፣ ዕድሜያቸው ሳይደርስ ጡረታ ወጡ። ያውም ያለ አበል!

"የጤፍ ዋጋ ሰማይ በነካበት አገር ስለ ኮምፒዩተር ታወራልን ጀመር?" የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አይፈረድበትም። ግን እስቲ ወገኖቼ ልብ በሉልኝ። የልጅዎ የልደት ምስክር ወረቀት የሚታተመው በምንድነው? የጤና ጣቢያው ካርድዎን የሚፈልገው በምን ላይ ነው? የቤትዎ ካርታ ፋይል፣ የደመወዝዎ መዝገብ፣ የልጅዎ የፈተና ውጤት የት ነው ያለው? አንድ ጥግ ላይ በተቀመጠ፣ አቧራ በጠጣ፣ ጀርባው በሚጮህ ኮምፒዩተር ላይ ነው። ያ ኮምፒዩተር ደግሞ ብዙውን ጊዜ አዲስ አይደለም። ሌላ አገር አገልግሎ፣ በዱባይ በኩል ዞሮ፣ መገናኛ ወይም ቦሌ ሱቅ ውስጥ "ዩዝድ ነው ግን ንጹሕ ነው" ተብሎ የተሸጠ ነው። እንግዲህ ጡረታ የወጣው እሱ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ነገር ኮምፒዩተሩን ከሰውየው ጋር የሚያነጋግር አስተርጓሚ ማለት ነው። ዊንዶውስ 10 ለገበያ የቀረበው ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው። (በነገራችን ላይ ብራችን በገበያ ዋጋ ይመንዘር ተብሎ የተለቀቀውም በዚያው በሐምሌ 22 ነው፤ በ2016 ዓ.ም.። ቀኑ ምን ቢያደርገን ነው እላለሁ አንዳንዴ።) በዚያ በ2007 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ጄሪ ኒክሰን የተባለ የማይክሮሶፍት ባልደረባ ቺካጎ ላይ በተደረገ የኩባንያው ጉባኤ ዊንዶውስ 10 የመጨረሻው ዊንዶውስ መሆኑን ተናግሮ ነበር። ዓለምም እሰየው አለ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ዊንዶውስ 11 ወጣ። የመጨረሻው የተባለው ታናሽ ወንድም ተወለደለት።

ድጋፉ ቆመ ሲባል ኮምፒዩተሩ ቆመ ማለት አይደለም። በየወሩ የሚመጣው የደኅንነት ጥገና ቆመ ማለት ነው። በዊንዶውስ ውስጥ በየጊዜው ቀዳዳ ይገኛል። ቀዳዳውን ኩባንያው ይደፍነዋል፤ መድፈኛው አፕዴት ተብሎ ይመጣል። አሁን ግን ቀዳዳው መገኘቱ አይቀርም፣ መድፈኛው ግን አይመጣም። ዘበኛው የተሰናበተ ግቢ እንደማለት ነው። ቤቱ አልፈረሰም፣ በሩም አለ፣ ሌባም ዕለቱን አልገባም። ግን ዘበኛው መሄዱን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

"ታዲያ አዲሱን ዊንዶውስ መጫን ነዋ!" ትላላችሁ። ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ዊንዶውስ 11 መታወቂያ የሚጠይቅ ጌታ ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ ያወጣውን ዝርዝር ብታዩት መጀመሪያ ላይ የዋህ ይመስላል። ራም 4 ጊጋ ባይት፣ የማከማቻ ቦታ 64 ጊጋ ባይት፣ ፍጥነቱ 1 ጊጋ ኸርዝ የሆነ ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰር። ይኸንንማ ከአሥር ዓመት በፊት የተሠራ ኮምፒዩተር ሁሉ ያሟላል። ቀጥሎ ግን ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የሚባል ይመጣል። የምሥጢር ቁልፎችን የምትጠብቅ ትንሽ ቺፕ ናት። እሺ፣ እሷም ብዙዎቹ ላይ አለች። ኮምፒዩተር አምራቾች በአዳዲስ ሥሪቶቻቸው ላይ እንዲያካትቷት ማይክሮሶፍት ያስገደዳቸው እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ነው። መጨረሻ ላይ ግን ፕሮሰሰሩ በስም ዝርዝር ይፈተሻል። ኢንቴል ከሆነ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2017 መገባደጃ በኋላ የወጣ መሆን አለበት። ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ የሆነ፣ ቺፗም ያለችው፣ ራሙም የተረፈው ኮምፒዩተር "አንተ አትገባም" ይባላል። አቅም አንሶት አይደለም። ስሙ ዝርዝሩ ላይ ስለሌለ ነው። ይኸ አሠራር እኛ አገር በደንብ ይታወቃል፤ ማስረጃው ተሟልቶ "ስምህ የለም" የተባለ ሰው ሁሉ ይመሰክራል።

ይባስ ብሎ አድልዎም አለበት። ከሰባተኛው ትውልድ ጥቂት ፕሮሰሰሮች ብቻ ተመርጠው እንዲገቡ ተፈቀደላቸው። ከእነሱ አንዷ ኮር አይ 7 7820 ኤች.ኪው. ትባላለች። ለምን እሷ? ማይክሮሶፍት ራሱ የሚሠራው ሰርፌስ ስቱዲዮ 2 የተባለው ውድ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለችው እሷ ስለሆነች ይመስላል። የራስ ልጅ ሲሆን ሕጉ ይላላል ማለት ነው።

ለፍትሕ ሲባል የኩባንያውንም ቃል እናድምጥ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ማይክሮሶፍት እንዳስታወቀው፣ ዊንዶውስ 11 በሙከራ ላይ በነበረበት ጊዜ መመዘኛውን የማያሟሉት ኮምፒዩተሮች ከሚያሟሉት በ52 በመቶ የበለጠ ከባድ ብልሽት አጋጥሟቸዋል። የሚያሟሉት ደግሞ 99.8 በመቶ ያህል ከብልሽት ነፃ ነበሩ። ቁጥሩ ሲሰማ ያስደነግጣል። እስቲ በወረቀት ላይ አስሉት። ከሺህ ሁለቱ ነበር የሚበላሸው፣ በ52 በመቶ ሲጨምር ከሺህ ሦስት ገደማ ሆነ። ለዚህች ለአንዲት ነው ያ ሁሉ ሕዝብ ኮምፒዩተሩን የሚጥለው? አዳዲሶቹ ፕሮሰሰሮች አንዳንድ የደኅንነት ሥራዎችን ፍጥነት ሳይቀንሱ እንደሚሠሩ አልክድም። እውነት ነው። አሮጌው ላይ እነዚያ ሥራዎች ሲበሩ ፍጥነቱ ይወርዳል። ግን ቀስ ብሎ የሚሄድ የታጠረ ግቢና ጭራሽ ዘበኛ የሌለው ግቢ እኩል ናቸው እንዴ?

ኩባንያው በአሮጌ ዕቃ ጉዳይ የተወቀሰው በዚህ ብቻ አይደለም። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ከመውጣቱ በፊት ደካማ ኮምፒዩተሮች ላይ ሳይቀር "ቪስታን ይችላል" የሚል ተለጣፊ ምልክት እንዲለጠፍ ፈቅዶ ነበር። ገዢዎች ወስደው ቢሞክሩት የረባ ነገር አጡ። ፍርድ ቤት ከሰሱት። በክሱ ላይ የወጡት የውስጥ ደብዳቤዎች ከኩባንያው ሹማምንት አንዱ ራሱ በ2,100 ዶላር የገዛው ኮምፒዩተር ከኢ-ሜይል በቀር እንደማይረባው ሲያማርር ያሳያሉ። (ክሱ በቡድን እንዲታይ የተሰጠው ፈቃድ በ2009 እ.ኤ.አ. ተነስቶ ነገሩ ከሰመ።) ያን ጊዜ የማይችለውን ይችላል አሉን። ዛሬ የሚችለውን አይችልም ይሉናል። በሁለቱም ጊዜ አዲስ ዕቃ መሸጡ አልቀረም።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። እኔ ባለሁበት አካባቢ አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለች። ባለቤቷ እህታችን ሦስት ኮምፒዩተሮች አሏት። ሁለቱ ስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ ራማቸው 8 ጊጋ፤ አንደኛው ደግሞ ኮር ቱ ዱዎ የሚባለው የጥንቱ ነው፤ ራሙም 2 ጊጋ ብቻ። ማመልከቻ፣ ውል፣ የክስ አቤቱታ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ እዚያ ይጻፋል። ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ነው። አንድ ቀን ሰነድ ላስጽፍ ብገባ "ጋሼ፣ አሥሩ ተቃጠለ አሉኝ እኮ፤ ሦስቱንም ወደ አሥራ አንድ ካልቀየርሽ ቫይረስ ይበላሻል አለኝ ጥገና የሚሠራው ልጅ። ወይ አዲስ ግዢ፣ ወይ እኔ አስገድጄ እጭንልሻለሁ አለኝ፤ ምን ይሻለኛል?" አለችኝ።

አዲስ ግዢ! ዶላሩ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሄደ፣ ከዚያ በኋላም አልተመለሰም። በገጽ ሒሳብ የምታስከፍል ሴት ስንት ገጽ ብትጽፍ ነው ሦስት አዲስ ኮምፒዩተር የምትገዛው?

ስለ "አስገድጄ እጭንልሻለሁ" ግን ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ረጋ ብዬ ላስረዳ። ልጁ አልዋሸም፤ ይቻላል። ሩፈስ የምትባል በነፃ የምትገኝ ትንሽ ፕሮግራም አለች። ፍላሽ ላይ ዊንዶውስ 11ን ስታዘጋጅ ያንን የመታወቂያ ፍተሻ ታስቀረዋለች። ስድስተኛ ትውልዱ ላይ ይጫናል፣ ይሠራል፣ ብዙ ሰው እየተጠቀመበት ነው። ልጁ ያልነገራት ግን አለ። አንደኛ ነገር፣ ማይክሮሶፍት በጽሑፍ እንዳስቀመጠው እንዲህ የተጫነበት ኮምፒዩተር አፕዴት የማግኘት መብት የለውም። እስካሁን ወርኃዊው ጥገና ለብዙዎቹ ሲደርሳቸው ታይቷል፤ ነገ ቢቀር ግን ለማን አቤት ይባላል? ትልልቆቹ ዓመታዊ ለውጦችም በራሳቸው አይመጡም፣ እንደገና ፍላሽ ተይዞ መምጣት አለበት። ልጁም እንደገና ይከፈለዋል።

ኮር ቱ ዱዎው ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። ከዊንዶውስ 11 የ24 ኤች 2 እትም ጀምሮ ሲስተሙ አንዳንድ የፕሮሰሰር ትዕዛዞችን የግድ ይፈልጋል፤ የጥንቱ ኮር ቱ ዱዎ እነሱን አያውቃቸውም፤ አይነሳም። በማታለልም በልመናም አይነሳም። "ሦስቱንም እጭናለሁ" ያለው ልጅ ወይ አላየውም፣ ወይ ከዚያ የቀደመውን አሮጌ እትም ሊጭንባት ነው፤ እሱም ጊዜው ያለፈበት ነው። ከአሮጌ ወደ አሮጌ መሸጋገር ማለት ይኸ ነው።

አንድ ሌላም አለ፤ ደስ አይልም ግን ይነገር። ከተማችን ውስጥ በየሱቁ የሚጫነው ዊንዶውስ ብዙው በክራክ የተከፈተ ነው። ያ መክፈቻ ፕሮግራም ከየት እንደመጣ፣ ሆዱ ውስጥ ምን እንደያዘ የሚያውቅ የለም። ሲጫን "አንቲ ቫይረሱን አጥፉት" ተብለን እናጠፋለን። እንግዲህ ለደኅንነት ብለን አዲስ ዊንዶውስ የምንጭነው ሌባውን በገዛ እጃችን በመስኮት ካስገባን በኋላ ነው።

ለእህታችን የነገርኳት የሚከተለውን ነው። ኮምፒዩተሮቹ የሚዘገዩት ፕሮሰሰሩ አርጅቶ አይደለም። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው የሚጎትታቸው። ዊንዶውስ 11ን በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ማስኬድ በቅሎን በአሸዋ ላይ እንደመንዳት ነው፤ ተከፍቶ እስኪያልቅ ቡና ተፈልቶ አቦል ይጠጣል። ስለዚህ ሁለቱን ስድስተኛ ትውልድ ላይ ዲስኩን አውጥቶ 256 ጊጋ ኤስ.ኤስ.ዲ. መክተት፤ ወጪው ከአዲስ ኮምፒዩተር ጋር አይወዳደርም። ለውጡን ማንም ሰው በዓይኑ ያየዋል። 8 ጊጋው ራም ይበቃል። ከዚያ በኋላ ወይ በዊንዶውስ 10 ላይ የተራዘመውን ጥገና መመዝገብ፣ ወይ ሊኑክስ መጫን። ኮር ቱ ዱዎውን በተመለከተ፣ ከኢንተርኔት ነቅሎ ለጽሕፈት ብቻ ማስቀመጥ፤ የሰው ፍላሽም አይሰካበት። ፍላሽ ያው ኢንተርኔት ነው፤ በእግሩ የሚሄድ ኢንተርኔት።

የተራዘመ ጥገና ያልኩትን ላብራራ፤ ፖለቲካው ያለው እዚህ ላይ ነው። ማይክሮሶፍት ጩኸት ሲበዛበት ለግለሰቦች የአንድ ዓመት ማራዘሚያ አወጣ። እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚል የጊዜ ገደብ ተሰጠው። ዋጋው 30 ዶላር፤ መክፈል የማይፈልግ ደግሞ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የኮምፒዩተሩን ቅንብር ወደ ኩባንያው ማከማቻ እንዲልክ ይጠየቃል። ገንዘብ ወይም መረጃ ማለት ነው። የአውሮፓ የሸማቾች ማኅበራት ይኸንን ሲያዩ ዝም አላሉም። ተከራከሩ። ኩባንያውም በ2018 ዓ.ም. መባቻ ላይ ለአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ነዋሪዎች ያንን ቅድመ ሁኔታ አንስቶ በነፃ ሰጠ። አካውንት ማስገባቱ ብቻ ቀረ።

ለጀርመኑ በነፃ፣ ለእኔና ለአንተ በ30 ዶላር! ያውም ዶላሩን በምን ካርድ ነው የምንከፍለው? የእኛ ሸማች ማን አለው? በስማችን የሚከራከር፣ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ "ለእነሱ የሰጠኸውን ለእኛም ስጥ" የሚል ማነው? አልሰማሁም። የሰማ ካለ ይንገረኝ።

ለድርጅቶችና ለመሥሪያ ቤቶች ዋጋው ሌላ ነው። ለአንድ ኮምፒዩተር በመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር፣ በሁለተኛው 122፣ በሦስተኛው 244። ሲደመር 427 ዶላር። ለትምህርት ቤቶች ግን 1 ዶላር፣ ቀጥሎ 2፣ ቀጥሎ 4፤ በጠቅላላ 7 ዶላር ብቻ። እንግዲህ ክቡራን ሹማምንቶቻችንን ልጠይቅ። ትምህርት ቤቶቻችን ይኸ የ7 ዶላር መንገድ እንዳለ ተነግሯቸዋል? ዩኒቨርሲቲዎቻችንስ? ወይስ "ኮምፒዩተሮቹ ጊዜ ያለፈባቸው በመሆኑ" የሚል ደብዳቤ ተጽፎ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ ዝርዝሩ ላይ "ዊንዶውስ 11 የተጫነበት" የምትል ሐረግ ገብታ ነገሩ ሊያልቅ ነው? ያቺ አንዲት ሐረግ ስንት ሚሊዮን ብር እንደምታወጣ ከጨረታ ኮሚቴ ሰዎች በላይ የሚያውቅ የለም። አሮጌዎቹስ የት ይሄዳሉ? መጋዘን ገብተው ይከመራሉ፣ ቆይተው በኪሎ ይሸጣሉ፤ የመጨረሻ ደንበኛቸው "ቆራሌው!" እያለ የሚዞረው ነው። ሃርድ ዲስካቸው ላይ ያለው የእርስዎና የእኔ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የሕክምና ታሪክም አብሮ ይሄዳል። ካናሊስ የተባለው የገበያ አጥኚ ድርጅት በ2016 ዓ.ም. እንደገመተው በዊንዶውስ 10 መሰናበት ምክንያት እስከ 240 ሚሊዮን ኮምፒዩተር በዓለም ላይ ቆሻሻ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቆሻሻ ከፊሉ "ዩዝድ ነው ግን ንጹሕ ነው" ተብሎ እኛው ጋ እንደሚመጣ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ሌላው መጥፎ መንገድ ምንም አለማድረግ ነው። መንግሥት "ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025" የሚል ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. አጽድቆ አገልግሎቱን ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር እያስገባ ቆይቷል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል፤ መረጃዬን የያዘው ሁሉ ይጠብቀው ይላል። መልካም። ዘበኛ በሌለው ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠ መረጃ ተጠብቋል ይባላል? በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ላይ ሲዛመት በእንግሊዝ አገር ብቻ ከ236 የመንግሥት ሆስፒታል አስተዳደሮች 81ዱን አውኳል። ቀጠሮ ተሰረዘ፣ አምቡላንስ ወደ ሌላ ተመለሰ። መድፈኛው ጥገና የወጣው ግን ሁለት ወር ቀደም ብሎ በመጋቢት ነበር። አብዛኞቹ የተመቱት ኮምፒዩተሮች ዊንዶውስ 7 ላይ የነበሩ፣ ድጋፋቸውም ያልተቋረጠ ነበር። ጥገናው ግን አልተጫነባቸውም። ይኸ በሀብታሙ አገር ነው የሆነው። እኛ ጋ ቢሆንስ? ሰምተን እናውቀው ይሆን?

ሦስተኛው መንገድ አለ፤ እኔ በበኩሌ የምደግፈው እሱን ነው። ሊኑክስ ይባላል። ነፃ ነው፤ ክራክ የለውም፣ ፈቃድ የለውም፣ ዶላር አይጠይቅም። ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ብቻ ብንወስድ 2 ጊጋ ራም ባለው ኮምፒዩተር ላይ ይነሳል፣ 4 ጊጋ ካለው ይመቸዋል። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የወጣው 22ኛው እትም ጥገና እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይመጣለታል። የስድስተኛ ትውልድ ባለቤት "አትገባም" አይባልም። አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ በሕጋዊ መንገድ ማለት ይኸ ነው።

"ታዲያ ለምን ሰው አይጠቀምበትም?" መልሱን ጽሕፈት ቤቷ ውስጥ ነው ያየሁት። ሊኑክስ ብያት ስጨርስ እህታችን የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ "ፓወር ግዕዝ ይሠራል?" አይሠራም። ፓወር ግዕዝ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ጣቶቿ ለዓመታት የለመዱት እሱን ነው። ዓይኗን ጨፍና ትጽፍበታለች። በዚያ ላይ የደንበኞቿ የድሮ ሰነዶች ከፊሉ በቪዥዋል ግዕዝ ፊደል የተጻፉ ናቸው። ፊደሉ በሌለበት ኮምፒዩተር ስትከፍቷቸው አማርኛው ሁሉ የፈረንጅ ፊደልና የጥያቄ ምልክት ትርምስ ይሆናል። ፊደላችን በዓለም አቀፉ በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆነው! እስከዛሬ ግን በየመሥሪያ ቤቱ በአሮጌው ፊደል የተጻፈ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ውል ተከምሯል። ማንም "ከዛሬ ጀምሮ በዩኒኮድ ጻፉ፣ የድሮውንም ለውጡ" ብሎ በቁም ነገር አላስገደደም።

ስለዚህ እስረኛ ያደረገን ማይክሮሶፍት ብቻ አይደለም። በሊኑክስ ላይ አማርኛ ይጻፋል። የአማርኛ የቁልፍ ሰሌዳ አለ፣ ያማሩ የግዕዝ ፊደላት በነፃ አሉ፣ ሊብሬ ኦፊስ የሚባለው ደብዳቤውን ይጽፋል። የአጻጻፉ ልማድ ግን ይለያል፤ ለአንድ ጸሐፊ ሳምንታት ይወስድባታል። እነዚያን ሳምንታት የጽሕፈት ቤት ባለቤት ከኪሷ መክፈል አትችልም። መንግሥት ግን ይችላል። ሥልጠናው ከአዲስ ኮምፒዩተር ግዢ አይበልጥም።

ቀላል ነው ብዬ አላሞኛችሁም። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ ይኸንን ሞክራለች። ዓመታት ፈጅታ እ.ኤ.አ. እስከ 2013 ድረስ 15 ሺህ ያህል ኮምፒዩተሮችን ወደ ሊኑክስ አዞረች፤ በ2017 ደግሞ ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ እንመለስ ብሎ ወሰነ። ሠራተኛው አማርሮ ነው ያለ አለ፣ ፖለቲካ ነው ያለም አለ። ነገር ግን በዚያችው አገር ሽሌስቪግ-ሆልሽታይን የተባለው ክልል በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. 30 ሺህ የመንግሥት ኮምፒዩተሮችን ከማይክሮሶፍት ኦፊስ ወደ ሊብሬ ኦፊስ፣ ቀጥሎም ወደ ሊኑክስ እንደሚያዞር አስታውቋል። ገንዘብ ያለው ጀርመን ይኸን ያህል ሲያስብ፣ ዶላር አጥሮን መድኃኒት በወረፋ የምናስገባው እኛ አንድ ቀን እንኳ በጉዳዩ ላይ ምክር ቤት ውስጥ ጥያቄ ሲነሳ አልሰማሁም።

እህታችን በመጨረሻ የመረጠችው ይኸ ነው። በሁለቱ ኮምፒዩተሮች ላይ ኤስ.ኤስ.ዲ. አስገባች። አንዱን በዊንዶውስ 10 ላይ ከነፓወር ግዕዙ አስቀረችው፤ ለአንድ ዓመቱ ማራዘሚያም አስመዘገበችው። ሌላው ላይ ሊኑክስ ሚንት ተጫነ፤ ለኢንተርኔትና ለደንበኛ ፍላሽ የሚያገለግለው እሱ ነው። ኮር ቱ ዱዎው ጥግ ላይ ብቻውን ይጽፋል። ፕሪንተሩ ሊኑክሱ ላይ አልሠራ ብሎ ሁለት ቀን አስቸግሮ ነበር፤ ድራይቨሩ ተገኝቶለት ተነሳ። ከስንቱ መሥሪያ ቤት የተሻለ ዕቅድ አላት እላለሁ።

እንግዲህ መሥሪያ ቤቶቻችን ዕቅዳቸውን ያሳዩን። ስንት ኮምፒዩተር አላቸው? ስንቱ በዊንዶውስ 10፣ ስንቱ ከዚያም በታች በዊንዶውስ 7 ነው የሚሠራው? ከእነዚያ ውስጥ የሕዝብ መረጃ የያዘው ስንቱ ነው? ስንቱስ በክራክ ተከፍቷል? ቁጥሩን ከሚቀጥለው በጀት መጽደቅ በፊት ለሕዝብ እንደራሴዎች ያቅርቡ። ያን ጊዜ "ዊንዶውስ 11 የተጫነበት" የምትለዋን የጨረታ ሐረግ አብረን እናነባታለን።